ልጅ በእግሩም ይማራል



በዚህ እትም ስለ ፈተና ወይም ስለ ምረቃ ሳይሆን ስለ አንደኛ ክፍል ላወጋችሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ አንደኛ ክፍል ማውራት ወደ ኋላ መመለስ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሁላችንም እዚህ የደረስነው በዚያ በር ገብተን ነው፤ በዚያው በር ገብተው ማንበብ ሳይችሉ የወጡ እኩዮችም አሉን። ከግቢያችን አጥር ውጭ፣ በደብረ ማርቆስ ሰፈሮች ውስጥ፣ ዘንድሮ ፊደል የሚቆጥሩ ብዙ ሕፃናት አሉ። ከእነሱ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። የማነሣው ሐሳብ አንድ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ በጆሮውና በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁም በእግሩም ይማራል፤ «ቁጭ በል» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ትምህርት አይሆንም።

ታላቅ እህቴ ከባለቤቷ ጋር ከወሎ መጥታ እዚህ ከተማ ሱቅ ከከፈተች ዓመታት ተቆጥረዋል። የእኔ ምደባ ደብረ ማርቆስ ሲሆን ቤተሰቡ ሁሉ አልሀምዱሊላህ ያለው በእሷ ምክንያት ነው። ቅዳሜና እሁድ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ልጇ በመስከረም አንደኛ ክፍል ሲገባ የነበረውን ደስታ ብታዩት! ደንብ ልብሱን ለብሶ ሊያድር ነበር። ኅዳር ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን ቆረጠኝ» ማለት ጀመረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዱን ቆርጦት አያውቅም። ቀጥሎ እህቴ ትምህርት ቤት ተጠራች። ልጁ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ጎረቤቶቹን ይረብሻል፣ ፊደልም አልያዘም ተባለች። ማታ ከባለቤቷ ጋር ተማክረው ሊወስኑ የተቃረቡት ከባድ ነገር ነበር፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥተው ወሎ አያቱ ዘንድ ሊልኩትና በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሊያስጀምሩት። «ገና አልበሰለም ማለት ነው» ይላል አባቱ። እህቴ ደግሞ ልጇን ከጉያዋ ማራቁ እያንገበገባት ዝም ብላለች። እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳትወስኑ በፊት ሄጄ ልየው።

መምህርቷ ደግ ሴት ናቸው። ፈቅደውልኝ አንድ ጠዋት ከኋላ በኩል ተቀምጬ አየሁ። በክፍሉ ውስጥ ስድሳ አራት ልጆች ነበሩ፤ ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ተጣብቀዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳር ጠዋት ብርዷ አጥንት ይገባል። ልጆቹ እጃቸውን በሹራባቸው እጅጌ ውስጥ ደብቀው ተኮራምተዋል። ከሁሉም በላይ ዓይኔ የገባው እግራቸው ነው። ዴስኩ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ስለሆነ የትንንሾቹ እግር መሬት አይነካም። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የዋለ እግር እንዴት አይወዛወዝ? ያንን ውዝዋዜ ነው «ረብሻ» የምንለው።

መምህርቷ አማርኛውንም ሒሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም ብቻቸውን ያስተምራሉ። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። «ሀ» ብለው ይጽፋሉ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሀ» ይላሉ፤ ከዚያ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። ከጠዋት ደወል እስከ ዕረፍት ድረስ ለመቆም የተፈቀደለት ልጅ ጠመኔ እንዲያመጣ የተላከው ብቻ ነበር። በፕሮግራሙ ላይ ሰውነት ማጎልመሻ የሚል ክፍለ ጊዜ ተጽፏል፤ የዚያን ዕለት ግን አማርኛው ወደ ኋላ ስለቀረ ለአማርኛ ማካካሻ ሆነ። ዕረፍት ሲደወል ልጆቹ የወጡት ውሃ ግድብ ጥሶ እንደሚወጣው ነበር። የእህቴ ልጅ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮት መጣ። ሲመለስ ጉንጩ ቀልቷል፣ ዓይኑ ነቅቷል፤ ቀጥሎ ባለው ክፍለ ጊዜ እጁን ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣ።

ከትምህርት በኋላ መምህርቷን አነጋገርኳቸው። «እርስዎ ቢፈቅዱ፣ በየመሐሉ ትንሽ ቢነሡ አይሻልም ወይ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉና «አዪ ልጄ! እኔም አጥቼው አይደለም። ስድሳ ልጅ አንዴ ካስነሣሁ ማን ያስቀምጥልኛል? አጠገቤ ያለው ክፍልስ ምን ይለኛል?» አሉኝ። እውነት አላቸው። ከውጭ ሆኖ መምህር መውቀስ ቀላል ነው። ጠመኔ ብቻ ይዞ ስድሳ ልጅ ፊት መቆምን ግን የሞከረው ያውቀዋል። ስለዚህ ጥያቄው መምህርቷ ምን አጠፉ የሚለው አይደለም። ያለውን ክፍል፣ ያለውን ዴስክ፣ ያለውን ግቢ ይዘን ምን ማድረግ እንችላለን የሚለው ነው።

ነገሩ የአንድ ክፍል ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ አገራዊ ውጤት አለ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች፣ በተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የሚማሩ የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተፈትሾ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ዓመት ገልብጠዋል፤ ቃል ግን አላነበቡም። ከዚያ በኋላ የታችኛው ክፍል መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎታል። መጽሐፉም ፖሊሲውም የሚያስፈልጉ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ክፍል ውስጥ ሲገቡ የሚያገኙት ያንኑ የተንጠለጠለ እግር ነው። የታችኞቹ ክፍሎች ተማሪዎች ለዓመታት በተከታታይ ምዘና ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ ስለኖሩ፣ አንደኛ ክፍል ላይ ያልተያዘ ፊደል አራተኛ ክፍል ላይ ማፈሪያ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ልጁ ራሱ «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። የእህቴ ልጅ ጉዳይ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። የሚጠፋው አንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሱ የሚይዘው ፍርድ ነው።

ልብ ካልን፣ በእንቅስቃሴ መማር ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ፋሽን አይደለም። እኔ ባደግሁበት ወሎ ቁርኣን ቤት ልጅ ሉሑን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዘ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚቀራው። ከጥላሸት የተበጠበጠውን ቀለም የሚያዘጋጀው እሱ፣ ሉሑን አጥቦ የሚያደርቀው እሱ ነው። የጎጃም ቅኔ ቤቶችም፣ እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ፣ እነ ዲማ፣ ስማቸው የተጠራው ደበሎ ለብሰው ከአገር አገር በእግራቸው እየዞሩ በተማሩ ልጆች ነው። ሰላትን ማን ከመጽሐፍ ተማረው? ከአባታችን ወይም ከእናታችን ጎን ቆመን፣ ሲያጎነብሱ አጎንብሰን፣ ሱጁድ ሲወርዱ ወርደን አይደል የያዝነው? ቃሉ ከእንቅስቃሴው ጋር ተያይዞ ስለገባ ዛሬም አይጠፋንም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸው፣ ሱጁድ ሲወርዱ አስቀምጠዋት ሲነሡ መልሰው ማንሣታቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። የሕፃን እንቅስቃሴ ከአምልኮ ጋር እንኳ አብሮ ከሄደ፣ ከ«ሀ ሁ» ጋር የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ ምን አደረግን? ከሁለት እህቶች ጋር ሆነን ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ የእህቴን ልጅና የሰፈሩን ልጆች በግቢያቸው መሰብሰብ ጀመርን። ሃይማኖት አልለየንም፤ የጎረቤት ልጅ ሁሉ መጣ። መጀመሪያ ያደረግነው ፊደሉን በገላ መሥራት ነበር። የአማርኛ ፊደል 33 መሠረታዊ ሆሄያትን በሰባት ቤት ሲያበዙት 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ እንደ 231 የተለያየ ሥዕል ለሚያየው ልጅ ተራራ ነው። ሰባቱ ቤቶች ግን በአብዛኛው ሥርዓት አላቸው፤ ሥርዓቱንም ገላ ሊያሳየው ይችላል።

የ«በ»ን ቤት እንውሰድ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ እናንተ ያዙር፤ አለበለዚያ ቀኝና ግራው ይገለበጥባችኋል። «በ» ሲባል በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ቡ» ሲባል ቀኝ እጁን ከወገቡ ትይዩ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ የካዕብ ምልክት ከመሐል ወደ ቀኝ የምትወጣው ጭረት ናትና። «ቢ» ሲባል ቀኝ እግሩን ወደ ጎን ያወጣል። «ባ» ሲባል ግራ እግሩን አንሥቶ በቀኙ ይቆማል። «ቤ» ሲባል ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ ከቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ቀለበት ይሠራል። «ብ» ሲባል ግራ ክርኑን አጥፎ ወደ ውጭ ያወጣል። «ቦ» ሲባል ቀኝ እግሩን አንሥቶ በግራው ይቆማል። ከዚያ «ሰ»ን፣ «ሸ»ን፣ «ከ»ን በዚያው ውዝዋዜ ያስኬዷቸዋል። ሳድሱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ እሱን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ሥርዓቱን የማይከተሉትን ልጆቹ ራሳቸው ይይዟቸዋል። «ረ» ላይ ስንደርስ የእህቴ ልጅ ቆም አለና «አክስቴ፣ ይቺ እኮ እግሯ አንድ ነው፤ እንዴት ትቁም?» አለኝ። ፊደሉን በደንብ ካላየ ይህን ሊጠይቅ አይችልም። ለሦስት ወር ሲገለብጠው ያላየውን በአንድ እግሩ ቆሞ አየው።

ሒሳቡን ደግሞ ጨዋታዎቻችን ራሳቸው ይዘውታል። «ሰኞ ማክሰኞ» መሬት ላይ በአመድ ይሠመራል፤ ከቀኖቹ ስም ጎን ቁጥር ስንጽፍበት ዝላዩ መደመርና መቀነስ ሆነ። «ሦስት ላይ ነህ፤ ሁለት ዝለል፤ የት ደረስክ?» ይባላል፤ ልጁ መልሱን በእግሩ ያገኘዋል። በቅልብልቦሽ ጠጠር ወደ ላይ ተወርውሮ እስኪመለስ ስንት እንደተለቀመና ስንት እንደቀረ ይቆጠራል። ቆርኪ አሥር አሥር እየተደረደረ አሥርና አንድ ቤት ይለያል። በገመድ ዝላይ ሁለት ሁለት እየዘለሉ መቁጠር ይለመዳል። ለዚህ ሁሉ የወጣ ገንዘብ የለም። አመድ ከምድጃ፣ ጠጠር ከመንገድ፣ ቆርኪ ከሱቅ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «የእኛ አገር ልጅ መች እንቅስቃሴ አነሰው? ሲሮጥ አይደል የሚውለው?» የሚሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የጮቄን ግርጌ ይዞ ያለ የገጠር ልጅ ይህን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ብቻ ይጨርሰዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይማር እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ ክንዱን የሚያጥፈውም ደብተር ከመያዝ የቀረ ልማድ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን ሁሉም ልጅ ኃይሌ አይደለም። ከብት ሲጠብቅና ውሃ ሲቀዳ የዋለ ልጅ ክፍል ሲደርስ ደክሞታል፤ ሥራ ጨዋታ አይደለም። ለእሱ የሚያስፈልገው ትንሽ ዕረፍትና የሚበላው ነገር፣ ከዚያም የሚያስቅ ጨዋታ ነው። የከተማው ልጅ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ የሚኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ ባለበት ቤት ነው። ኳስ ሲያነሣ «ልብስ ተሰጥቷል»፣ በሩን ሲከፍት «ባጃጅ ይገጭሃል» ይባላል። የሚቀረው የእናቱ ስልክ ነው። ክፍል ውስጥ ቁጭ፣ ቤት ውስጥም ቁጭ። ሁለቱም ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተኝቶ፣ አንዱ ተቁነጥንጦ ያመልጣቸዋል።

ስለ ሴት ልጆች ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በዚያች ጠዋት የዕረፍት ሰዓት ሜዳውን የያዙት ወንዶቹ ነበሩ። የጨርቅ ኳሳቸውን ከግቢው ጫፍ ጫፍ ያንከባልላሉ፤ ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ይመለከታሉ። ሻርፕ ያደረገች አንዲት ትንሽ ልጅ ሁለት ጊዜ ወደ ኳሱ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ቅዳሜ እኛ ጋ ስትመጣ ግን ሰኞ ማክሰኞን እንደ እሷ የሚዘል አልነበረም። እህቶቼ፣ ሂጃብ ሩጫ እንደማይከለክል እኛ እናውቃለን፤ ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ይህን የምታውቀው እኛን ስታይ ነው። ገመድ አዙሩላት፤ አብራችኋትም ዝለሉ። ያቺ ልጅ ስትዘል የቆጠረችውን ቁጥር ሰሌዳው ፊት ስትቆምም አትረሳውም።

ወደ ውጤቱ ስመጣ ተአምር አልሆነም። እህቴና ባለቤቷ ልጁን ላለመላክ እስከ ዓመቱ አጋማሽ ጊዜ ሰጡን። መምህርቷም ከሁለት ክፍለ ጊዜ በኋላ ሦስት ደቂቃ መውሰድ ጀመሩ። ልጆቹ በዴስካቸው አጠገብ ቆመው የዕለቱን ፊደል በገላቸው ይሠራሉ፤ በጭብጨባ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ፤ በመምህርቷ አንድ ምልክት ይቀመጣሉ። «የፈራሁት ማስቀመጡን ነበር፤ ተነሥቶ የተቀመጠ ልጅ ግን ከበፊቱ ይልቅ ይረጋል» አሉኝ በጥር ወር። የእህቴ ልጅ ዛሬም ቁጭ ማለት ይከብደዋል፤ የእጅ ጽሑፉም ገና ነው። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ሆዱን መቁረጡ ቀርቷል። ሚያዝያ ላይ ከእናቱ ጋር ሲሄድ መንገድ መሐል ቆሞ «ዳ–ቦ ቤት» ብሎ የሱቅ ጽሑፍ አነበበ። እህቴ ያንኑ ዕለት ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወሎ የመላኩ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ይህን የጻፍኩት ስለ አንድ ልጅ ብቻ ብዬ አይደለም። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ሰላሙ ሲመጣ፣ ኢንሻአላህ፣ አንደኛ ክፍል የሚገባው የሰባት ዓመት ልጅ ብቻ አይሆንም። የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅም ከታናሹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ ከእኩዮቹ በኋላ በመቅረቱ ያፍራል፤ ክፉ ያየ ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበልጥ ይከብደዋል። ያን ልጅ «ቁጭ በል» ብቻ ብለን ከተቀበልነው ተመልሶ ይሄዳል። በጨዋታ ከተቀበልነው ግን ይቆያል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከአቅማችን ያልበለጠ ነገር ነው የምጠይቃችሁ። መምህርነት የምታጠኑ፣ ለልምምድ ስትወጡ በ40 ደቂቃው ውስጥ ሦስቷን ደቂቃ ለልጆቹ እግር ስጡ፤ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜም ለሌላ ትምህርት አታበድሩ። በቅዳሜና እሁድ መድረሳ ሕፃናትን የምታስቀሩ፣ በሁለት ትምህርት መካከል ግቢውን አንድ ጊዜ አስዙሯቸው፤ ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ቂርኣት ሌላ ይሆናል። የኮንስትራክሽንና የእንጨት ሥራ እውቀት ያላችሁ፣ ከዴስኩ በታች እግር ማሳረፊያ አንዲት ጣውላ መምታት ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል? ሌሎቻችን ደግሞ ተከራይተን ወይም ዘመድ ጥየቃ ሄደን በምንገባበት ግቢ ሁሉ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ አይጠፋም። ስልኩን ከእጁ ቀስ ብለን ተቀብለን፣ አመድ ይዘን ወደ ደጅ እንውጣ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ እውቀት ይስጣቸው፤ ለአስተማሪዎቻቸውም ትዕግሥቱን ያብዛላቸው፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።